ማሽኑ የማያነበው ዋቢ፦ የፋርስኛ የምርምር ጆርናሎች ጣጣ

(ለጆርናል አዘጋጆች፣ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ለተመራማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራላችሁ በፋርስኛ ስለሚታተሙ የምርምር ጆርናሎች ነው፤ በተለይ ስለ ኢራን። «ይህ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እደርስበታለሁ። ለጊዜው ግን እዚያው ኢራን እንቆይ። ጉዳዩ ለራሱ ሲባል ሊታወቅ የሚገባው ነው።

በሳፍሮን እንጀምር። በዓለም ላይ ከሚመረተው ሳፍሮን 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሚበቅለው ኢራን ውስጥ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከምሥራቁ፣ ኾራሳን ከሚባለው አካባቢ ይመጣል። እዚያ ቶርባተ ሄይዳሪዬ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሳፍሮን እርሻና ቴክኖሎጂ ብቻ የሚያወጣው ጆርናል አለው። ቋንቋው ፋርስኛ ነው፤ አኅጽሮተ ጥናቱ በእንግሊዝኛም ይታተማል። በዚህ መስክ የሚጠኑት ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ናቸው፦ ለመትከያ የሚሆነው ሥር ስንት ግራም ቢመዝን ይሻላል? ከሞቃቶቹ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ውሃ መቼ ይሰጠው? ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚለቀመው አበባ እንዴት ቢደርቅ ቀለሙንና ሽታውን ሳይለቅ ይቆያል?

ጥያቄውን ያመጣው ገበሬ፣ ጥናቱን የሠራው መምህር፣ ውጤቱን ወደ መንደር የሚያደርሰው የግብርና ባለሙያ፣ ሁሉም የሚነጋገሩት በፋርስኛ ነው። ስለዚህ በፋርስኛ መጻፉ ትክክል ነው። ካሽሚር ወይም ስፔን ተቀምጦ ሳፍሮን የሚያጠና ሰው ግን ከዚህ እውቀት የሚደርሰው በእንግሊዝኛ የወጣው ያህል ነው። በፋርስኛ የተጻፈው ጠፍቶ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል፤ ብዙው በነፃ ይነበባል። ዓለም አቀፉ የዋቢ ቆጠራ፣ ማለትም ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚቆጥረው ሥርዓት፣ ግን አብዛኛውን አያየውም። ያልታየ አይጠቀስም፤ ያልተጠቀሰ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

የምከራከረው ይህን ነው። የፋርስኛ ጆርናሎችን አንገት ያስደፋቸው በዋናነት የምርምር ድህነት አይደለም። ቆጠራው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የቴክኒክ ጉድለቶች አሉ። ከእነሱ የሚብሰው ደግሞ ያንን ቆጠራ ዳኛ አድርጎ የሾመው የመምህራን እድገት ደንብ ነው።

ቆጠራው ከየት መጣ? ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ «ኢንስቲትዩት ፎር ሳይንቲፊክ ኢንፎርሜሽን» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። በ1964 የሳይንስ ዋቢ ማውጫውን አሳተመ። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። አንድ ጥናት ከወጣ በኋላ እነማን እንደጠቀሱት ካወቅን፣ ሐሳቡ የሄደበትን መንገድ ተከትለን ወደፊት መሄድ እንችላለን። መሣሪያው የተሠራው ለመፈለጊያ ነበር። በ1975 ግን ጆርናሎችን የሚያወዳድር ዓመታዊ ሪፖርት መውጣት ጀመረ፤ ኢምፓክት ፋክተር የምንለው ቁጥርም አብሮት መጣ። ባለፉት ሁለት ዓመታት በጆርናሉ የወጡ ጽሑፎች ዘንድሮ በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ይኸው ነው። መፈለጊያ የነበረው መመዘኛ ሆነ።

የድርጅቱ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር «አይ ኤስ አይ» ነው። ባለቤቱም ስሙም ከአንዴ በላይ ተቀይሯል፤ ከ2016 ወዲህ ክላሪቬት የሚባል ኩባንያ ነው። ኢራን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «መቃሌዬ አይ ኤስ አይ» ይባላል፤ የአይ ኤስ አይ ጽሑፍ ማለት ነው። አንድ የዶክትሬት ተማሪ «አይ ኤስ አይ አለህ?» ሲባል ምን እንደተጠየቀ ማንም ይገባዋል። የአንድ የግል ኩባንያ ስም የጥሩ ምርምር ማረጋገጫ ሆኖ ወደ ዕለት ንግግር ገብቷል።

በ2004 ስኮፐስ የሚባል ተፎካካሪ መጣ። ስኮፐስ ጆርናሎችን ሲመርጥ በማንኛውም ቋንቋ የሚታተመውን ይቀበላል። ግን አርእስቱና አኅጽሮተ ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ማጣቀሻዎቹ ደግሞ በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው። ሲሰሙት ቀላል ነው። ፋርስኛ ጆርናል ቢሮ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን በአንድ የማጣቀሻ መስመር ላሳያችሁ።

ከደራሲው ስም እንጀምር። ፋርስኛ የሚጻፈው በዐረብ ፊደል ነው፤ አጫጭር አናባቢዎች አይጻፉም። ሆሴይኒ የሚለውን በጣም የተለመደ ስም ውሰዱ። በፋርስኛ አጻጻፉ አንድ ነው። ወደ ላቲን ሲወጣ ግን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። አንዱ «ኦ» ያስገባል፣ ሌላው «ዩ»። መጨረሻው ላይ «ዛዴ» ወይም «ነጃድ» ያለበት ስም ሲሆን ደግሞ ይለያያል ወይስ ይያያዛል የሚል ጣጣ ይጨመራል። «ሞሐመድ ዛዴ» ተለያይቶ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የቤተሰቡ ስም «ዛዴ» ብቻ ነው ብሎ ይወስደዋል። ድርብ የቤተሰብ ስም ያላቸውም ብዙ ናቸው። እንዲህ እየሆነ አንድ ሰው በማውጫው ላይ ሦስትና አራት ሰው ይሆናል። ሃያ ጊዜ የተጠቀሰ ሰው አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ሰዎች ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቀጥሎ ዓመቱ። የኢራን ዓመት የሚጀምረው መጋቢት ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 21 ገደማ። አቆጣጠሩ የፀሐይ ሂጅራ ነው። ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ እንደ ወሩ 621 ወይም 622 ይደመራል። የጆርናሎቹ ዕትም ብዙ ጊዜ በወቅት ይጠራል፦ የፀደይ፣ የበጋ፣ የመጸው፣ የክረምት። «የ1402 ክረምት» (እዚያ ክረምት የብርዱ ወቅት ነው) የሚል ዕትም ከ2023 ዲሴምበር ማብቂያ ተነስቶ እስከ 2024 ማርች ይዘልቃል። ታዲያ ዓመቱ 2023 ነው ወይስ 2024? አንዱ ጠቃሽ ይህን ይጽፋል፣ ሌላው ያንን። ኢምፓክት ፋክተር የሚያየው የሁለት ዓመት መስኮት መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ጠባብ መስኮት የአንድ ዓመት ስሕተት ዋቢውን ከቆጠራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

በታሪክ ላይ ለሚሠሩት ደግሞ ሌላ አለ። በ1976 የኢራኑ ንጉሥ፣ ሻሁ፣ የአገሪቱን ዘመን አቆጣጠር ወደ ንጉሠ ነገሥታዊ አዙረውት ነበር። 1355 የነበረው ዓመት በአንዴ 2535 ሆነ። በ1978 ተሻረ። ግን በዚያ መካከል የታተሙት መጻሕፍትና መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ 2535፣ 2536፣ 2537 ይዘው ቀሩ። የማያውቅ ሰው፣ ወይም ማንም ያላስተማረው ሶፍትዌር፣ ይህን ቁጥር ሲያይ የሚያደርገው ይጠፋዋል። አንዳንዱ የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ሌላው ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል።

ከዓመቱ ቀጥሎ አርእስቱ ይመጣል። እጅግ ብዙ የፋርስኛ ጥናቶች አርእስታቸው «ባራሲ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ «ጥናት»፣ «ምርመራ» እንደማለት ነው። ማጣቀሻው በላቲን ፊደል ይሁን ሲባል ደራሲው አርእስቱን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል። አንዱ «ስተዲ» ይላል፣ ሌላው «ኢንቬስቲጌሽን»፣ ሦስተኛው «ሰርቬይ»። በቅንፍም «በፋርስኛ የተጻፈ» የሚል ይጨምርበታል። ሦስቱም የሚጠቅሱት አንዱን ጽሑፍ ነው። ማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ያያል፤ አንዳቸውንም ከዋናው ጋር ላያገናኝ ይችላል። በጣም የሚያሳዝነኝ ብዙ ጊዜ ጆርናሉ ራሱ የእንግሊዝኛ አርእስት ያተመለት መሆኑ ነው። ጠቃሹ ገጹን ገልጦ ያንን መቅዳት ሲችል ከራሱ አዲስ ትርጉም ይፈጥራል።

አሁን ደግሞ ዓይን የማያያት ነገር። በኮምፒውተር ላይ የፋርስኛ «ዬ» እና የዐረብኛ «ያ» በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ፊደል በሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት፣ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። ካፍ የሚባለው ፊደልም እንደዚያው። በቃል መካከል ሲገቡ ለአንባቢ ልዩነታቸው አይታወቅም። ዱሮ ብዙ ሰው በዐረብኛ የቁልፍ ሰሌዳ ይጽፍ ስለነበር የቆዩ ፋይሎች በዐረብኛዎቹ የተሞሉ ናቸው። አንዱን ጽፋችሁ ስትፈልጉ በሌላው የተጻፈው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ፋርስኛ ላይ ደግሞ «ኒም ፋሴሌ» የሚባል ግማሽ ክፍተት አለ፤ የቃሉን ክፍሎች ሳይነጣጥል ፊደሎቹ እንዳይያያዙ የሚያደርግ። አንዱ በሙሉ ክፍተት ይጽፈዋል፣ ሌላው አያይዞ። አሁንም ያው ቃል ሦስት ቃል ይሆናል። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ማጣቀሻው ውስጥ የገባው እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የገጽ ቁጥሮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ከገጽ 12 እስከ 25 የነበረው ከ25 እስከ 12 ሆኖ ይታተማል።

ይህን ሁሉ ማን ያስተካክላል? ጆርናሎቹ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ናቸው። ከኋላቸው ትልቅ የንግድ አሳታሚ የለም። ዋና አዘጋጁ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ነው። ሥራው የሚወድቀው «ሞዲሬ ዳኼሊ» በሚባለው፣ የውስጥ ሥራውን በሚመራው ሰው ላይ ነው። ጽሑፍ መቀበል፣ ገምጋሚ መለመን፣ የዘገየውን ገምጋሚ ደግሞ መለመን፣ ለደራሲው መልስ መጻፍ፣ ድረ ገጹ ላይ መጫን፣ ይሄ ሁሉ የእሱ ነው። ከዚያ በላይ አርባ ማጣቀሻ ያለውን ጽሑፍ መስመር በመስመር ማጥራት ይጠበቅበታል። የጆርናል ጥራት ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ታላላቅ ሐሳቦች ነው። እኔ ግን ይህን ሰው አስባለሁ።

ይህ ሥራ ክብር የነበረበት ጊዜ ነበር። ኢራጅ አፍሻር የቴህራን ዩኒቨርሲቲ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍትን የመሩ ትልቅ ሊቅ ነበሩ፤ በ2011 አርፈዋል። በፋርስኛ ስለ ኢራን ጥናት የወጡ መጣጥፎችን ከየመጽሔቱ እየለቀሙ ማውጫ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1961 ታተመ፤ ሌሎችም ተከታትለው ወጡ። የጋርፊልድ ማውጫ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉ። የአፍሻር ማውጫ ማን ማንን ጠቀሰ ብሎ አይቆጥርም። የት ምን እንደተጻፈ ግን ይናገራል። ከዘመናዊው ቆጠራ በፊት ፋርስኛ የራሱን ምርምር የሚያውቅበት ሥርዓት ነበረው ለማለት ነው ይህን ያነሳሁት።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንሂድ። የፊደልና የዓመት ጣጣ በሥራ ይስተካከላል። የእድገት ደንቡ ግን ሰዎችን ቀይሯል።

ኢራን ውስጥ መምህር ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማለፍ ነጥብ መሰብሰብ አለበት። የዶክትሬት ተማሪም ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጽሑፍ ሳያሳትም ወይም ተቀባይነት ሳያገኝ አይመረቅም። የአገር ውስጥ ጆርናሎች በሳይንስ ሚኒስቴር ወይም በጤና ሚኒስቴር ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደረጃ ያገኘ ጆርናል ላይ መውጣት ነጥብ ያስገኛል። ዓለም አቀፍ ማውጫ ውስጥ የገባ ጆርናል ላይ መውጣት ግን በሰው ዓይን ከፍ ያለ ክብር አለው። ውጤቱ በቁጥር ታየ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኢራን ዓለም አቀፍ ኅትመት በዓለም ፈጥነው ካደጉት ተርታ ገባ። ይህ እውነተኛ ሥራም አለበት፤ ማቃለል አልፈልግም። ጥሩ ጥሩው ጽሑፍ ግን ወደ እንግሊዝኛ ሄደ። ለፋርስኛው ጆርናል የሚቀረው ውጭ ተልኮ የተመለሰው፣ ወይም ነጥብ ለማሟያ የተጻፈው እየሆነ መጣ። የሕክምና ጆርናሎች ብዙዎቹ ቋንቋቸውን ጨርሰው ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩ። በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ በአገሯ ስለ አገሯ በሽታ የተጠናውን በቋንቋዋ ማንበብ አልቻለችም ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ሰዎች ደግሞ በሌላ በኩል ተጎዱ። ስለ ጥንቱ ባለቅኔ ስለ ሐፌዝ ግጥም የሚጽፍ ሰው ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላው የዲዋን፣ የግጥሞቹ ስብስብ፣ ዕትም ይጠቅሳል፣ የብራና ጽሑፎችን ይጠቅሳል፣ መጻሕፍትን ይጠቅሳል። የራሱም ጽሑፍ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊጠቀስ ይችላል። የሁለት ዓመቱ መስኮት ይህን አያይም። እሱን ከኬሚስት ጋር በአንድ ቁጥር ማወዳደር በደል ነው። ሌላ ቃል የለኝም።

ጫናው ሲበዛ ገበያ ተፈጠረ። ከቴህራን ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የሚያልፈው የኤንቄላብ ጎዳና የመጻሕፍት መሸጫ መንደር ነው፤ ቴህራን የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ጎዳና ጽሑፍና የመመረቂያ ጥናት እንጽፋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በግልጽ መለጠፍ ጀመሩ። ነገሩ በ2016 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሳይቀር ተዘገበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስፕሪንገርና ባዮሜድ ሴንትራል የተባሉት አሳታሚዎች የኢራን ተመራማሪዎች ስም ያለባቸውን 58 ጽሑፎች ሰረዙ። ምክንያቱ የሌላን ሥራ መቅዳት፣ የደራሲነት ማጭበርበርና ግምገማውን ማዛባት ነበር። በ2017 የኢራን ፓርላማ በምርምር ሥራ ላይ የሚደረግ ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የተሰረዙት ጽሑፎች ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ላይ የወጡ ናቸው። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ስም ጥራትን በራሱ አያረጋግጥም። ስማቸው ተሰርቆ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ስለሚከፈትባቸው ጆርናሎች ቀድመው ከጻፉት መካከልም የኢራን ተመራማሪዎች ይገኙበታል፤ ሰለባዎቹን በቅርብ ያዩ ነበሩና።

የፋርስኛ ጆርናሎችም ንጹሕ አይደሉም። የአገር ውስጥ ቁጥር ሲመጣ ቁጥሩን የማሳደግ ዘዴም አብሮ መጣ። አንዳንድ ጆርናል ደራሲውን «የእኛን የቅርብ ዓመት ጽሑፎች ጥቀስና እንቀበልሃለን» ይለዋል። አንባቢው ዋቢ ሲያይ ደራሲው የተማረበትን ሥራ ያየ ይመስለዋል፤ ለመታተም የተከፈለ ዋጋ መሆኑን አያውቅም። ይህን ዓይነቱን ነገር በቋንቋው ፍቅር ልናልፈው አይገባም። የፋርስኛን ጆርናል የሚወድ ሰው ከማንም በፊት ይህን መቃወም አለበት።

በኢራን ላይ ስለተጣለው ማዕቀብ ባጭሩ። በ2003 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ከኢራን የሚመጣን ጽሑፍ ማረም እንኳ ለኢራን እንደሚሰጥ አገልግሎት ይቆጠራል ብሎ ነበር። በ2004 ጉዳዩ ላላ። በ2013 ደግሞ ትልቁ አሳታሚ ኤልዜቪየር አሜሪካውያን አዘጋጆቹን የኢራን መንግሥት ተቀጣሪዎች የላኩትን ጽሑፍ እንዳይዙ አሳሰበ። የኢራን ባንኮች በ2012፣ በኋላም በ2018 ስዊፍት ከሚባለው ዓለም አቀፍ የባንኮች መገናኛ መረብ ተቆርጠዋል። ለጽሑፍ መለያ ቁጥር፣ ዲኦአይ ለሚባለው፣ የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ግን በዶላር ነው። ባንክህ ከዓለም ሲቆረጥ ትንሹን ክፍያ መላክም መከራ ነው። የውስጡም እጅ አለበት። በኅዳር 2019 ኢንተርኔቱ በመንግሥት ትእዛዝ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲዘጋ አገሪቱ ከዓለም ተቆርጣ ነበር። በማይከፈት ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ አይጠቀስም።

ኢራን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሺራዝ ከተማ ውስጥ የእስላማዊው ዓለም የሳይንስ ዋቢ ማዕከል አለ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አይ ኤስ ሲ» ይባላል። በፋርስኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የሚወጡ ጆርናሎችን ይቆጥራል፤ የራሱን ኢምፓክት ፋክተር ያወጣል። ጀሃደ ዳኔሽጋሂ በሚባል የአገሪቱ የምርምር ተቋም የሚተዳደር «ኤስ አይ ዲ» የሚባል የጽሑፎች ቋት አለ። ለሰብአዊ ጥናት ከቆም ከተማ የሚወጣው ኑርማግዝ፣ ለአጠቃላዩ ማግኢራን አለ። የመመረቂያ ጥናቶችን ከ1968 ጀምሮ ያለው ኢራንዶክ ይይዛል። ማንኛውም ትንሽ ቋንቋ ይህን ያህል ቢኖረው ይቀናበታል። ግን መረጃው በየቦታው ተበታትኗል። አንዱ ቋት ውስጥ ያለው የደራሲ ስም ከሌላው ጋር አይገጥምም። የውጭ ተመራማሪም ወደ ሺራዝ ማውጫ ብዙም አይሄድም።

በዚያ ላይ ፋርስኛ የኢራን ብቻ አይደለም። አፍጋኒስታን ውስጥ ዳሪ ተብሎ ይነገራል፤ እዚያ በተለመደው አቆጣጠር ዓመቱ ያው የፀሐይ ሂጅራ ሲሆን የወሮቹ ስም ግን ሌላ ነው። ታጂኪስታን ውስጥ ደግሞ ከ1940 ገደማ ጀምሮ በሲሪሊክ ፊደል ይጻፋል። አንድ የዱሻንቤ ሊቅ ስለ ጥንቱ ባለቅኔ ስለ ሩዳኪ የጻፈውን ጽሑፍ የቴህራን ተማሪ ቢያነቡለት ይረዳዋል። በዐረብ ፊደል ፈልጎ ግን አያገኘውም። አንድ ቋንቋ፣ ሦስት አገር፣ ሁለት ፊደል፣ አንድም የጋራ ማውጫ የለም። ዐረብኛ በ2020 በዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ በክላሪቬት ማውጫ፣ ላይ የራሱን የዋቢ ማውጫ አግኝቷል፤ ክላሪቬት ከግብፅ የእውቀት ባንክ ጋር ሠርቶት። ቻይንኛና ኮሪያኛም፣ የላቲን አሜሪካዎቹ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛም የየራሳቸው አላቸው። ፋርስኛ እዚያ የለውም።

«ታዲያ ሁሉም በእንግሊዝኛ ቢጽፍ አይቀልም?» የሚለኝ አይጠፋም። ለፊዚክስ ሰው ምናልባት። ኢራን ግን ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ ትምህርቷ በፋርስኛ የሆነ አገር ናት። የኡርሚያ ሐይቅ እየደረቀ ነው። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው ቃናቶች፣ ከመሬት በታች ውሃ የሚያመጡት ቦዮች፣ እየነጠፉ ነው። ስለዚህ የሚወሰነው በፋርስኛ በሚካሄድ ስብሰባ ነው፤ የሚከራከሩት ገበሬዎችና መሐንዲሶች በፋርስኛ ነው የሚከራከሩት። ጥናቱ በሌላ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ክርክሩ ያለ ጥናት ይካሄዳል። ከዚያም በላይ አንድ ቋንቋ የሳይንስ ቃል የሚያፈራው ሲጻፍበት ነው። በ2019 ሄልሲንኪ ላይ የወጣው የብዙ ቋንቋ ምርምር ጥሪም ይህንኑ ይላል፦ ምርምር በሰዎች ቋንቋ ይታተም፣ ሲመዘንም ቋንቋው እንዳይቀንስበት።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፤ ብዙ አልቆይም። አንዳንዶቻችሁ ገና ስለ ዓመቱ ሳወራ ነገሩ እንደገባችሁ ፊታችሁ ይናገር ነበር። የእኛም ዓመት መስከረም ላይ ይጀምራል፤ ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ነው። 2012 ዓ.ም. የታተመ ጽሑፍ 2019 ነው ወይስ 2020? የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ የተባለ ሰው በአንዱ ጽሑፍ «አበበ»፣ በሌላው «ከበደ» ተብሎ ይጠቀሳል። ፀሐይን በጸሎቱ «ጸ»ም በፀሐዩ «ፀ»ም የሚጽፍ አለ፤ ኮምፒውተር ለየብቻ ቃል አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈው ፋይል ዛሬ ሲከፈት የማይነበብ አለ። ዜና ልሳንን የመሰሉ ጆርናሎች አሉን። የእድገት ደንባችንም «በታወቀ ጆርናል» ይላል። ኢራን በሄደችበት መንገድ እኛ የመጀመሪያው ኪሎሜትር ላይ ነን።

ምን ይደረግ? የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ጆርናሉ ሁለቱንም ዓመት በየጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ያትም፤ ጠቃሹ መገመት የለበትም። የእንግሊዝኛ አርእስቱንና የደራሲውን ስም የላቲን አጻጻፍ አንዴ ይወስን። «ይህን ጽሑፍ ሲጠቅሱ» ብሎ ሙሉ መስመሩን በሁለቱም ቋንቋ እዚያው ያስቀምጥ። ደራሲው ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ይያዝ፤ በነፃ ነው፣ ስሙ አምስት ዓይነት ቢጻፍም ቁጥሩ አንድ ነው። ፊደል አቻችሎ የሚፈልግ የመፈለጊያ ሥርዓት ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ፕሮግራመሮችና ፈቃድ ነው። የሺራዙ፣ የቆሙና የቴህራኑ ቋቶች የዋቢ መረጃቸውን በአንድ ዓይነት ቅርጽ ለሁሉም ቢከፍቱት የካቡልና የዱሻንቤ ሰዎችም ሊጨምሩበት ይችላሉ። ዋቢን ክፍት የማድረግ ዓለም አቀፍ ንቅናቄ በ2017 ተጀምሯል፤ መንገዱ አዲስ አይደለም።

ለሞዲሬ ዳኼሊው ደመወዝ ይከፈለው። ይህን ሳልል ብቀር ቅር ይለኛል።

ከባዱ ግን የእድገት ኮሚቴው ነው። ከፊቱ የቀረበውን ጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ የወጣበትን ጆርናል ቁጥር ማየት ይቀለዋል፤ ለሁሉም ሰው እኩል ያደረገም ይመስለዋል። የቶርባተ ሄይዳሪዬው መምህር ለእድገት ሲያመለክት ኮሚቴው ጥናቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አንብበው እንዲናገሩለት ቢጠይቅ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ግማሹ ነገር ይስተካከላል። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ማዕቀብ ማንሳትም አያስፈልግም። ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ ፕሮፌሰሮቹ ደግሞ ጊዜ የላቸውም፤ ምክንያቱም እነሱም ለቀጣዩ እድገታቸው ጽሑፍ እየጻፉ ነው።

በዚህ ላብቃና ጥያቄያችሁን ልስማ። ጆርናል የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ ማጣቀሻ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ስም እንደምታስገቡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ በየቢሮው የተለያየ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።